ጠባሳና መልክ፦ የብጉርን ምልክት የማጥፋት ታሪክ በምሥራቅ አፍሪካ

ብጉር ከጉርምስና ጋር መጥቶ ከጉርምስና ጋር ይሄዳል ቢባልም፣ ብዙዎችን እስከ ሠላሳዎቹና አርባዎቹ ዕድሜ ድረስ ሲከተል ይታያል። በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ግን ወደ ቆዳ ሐኪም የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ አጥብቆ የሚያማርረው በብጉሩ ሳይሆን ብጉሩ ትቶት በሄደው ምልክት ነው። ይህን ምልክት ለማጥፋት ባለፉት አሥርት ዓመታት በአካባቢው የተሸጠው ሳሙናና ቅባት ከብጉሩ የከፋ ጉዳት ያደረሰበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩን ለመረዳት አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በተለምዶ ሁሉም «ጠባሳ» ቢባልም ብጉር የሚተወው ምልክት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እውነተኛው ጠባሳ ነው። ቁጣው ወደ ጥልቁ የቆዳ ክፍል ዘልቆ፣ ቆዳን አጥብቆ የሚይዘውን ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ሲያጠፋ ፊት ይሰረጉዳል፤ ኮላጅኑ ከልክ በላይ ሲመረት ደግሞ ጠባሳው ያብጣል። ሁለተኛው ጥቁር ነጥብ ነው። ቆዳ ሲቆጣ ሜላኒን የተባለውን ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት ከወትሮው አብዝተው በማምረታቸው የሚቀር ቀለም እንጂ ጠባሳ አይደለም። በጠቆረ ቆዳ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል፤ ይሁንና አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይደበዝዛል። ጠባሳን ማረም የሐኪም እጅ ይጠይቃል፤ ጥቁር ነጥብ በአብዛኛው የሚጠይቀው ጥበቃና ትዕግሥት ነው። ገበያው ግን ለሁለቱም አንድ መልስ ብቻ አቀረበ፤ እርሱም ቆዳን ማንጣት ነው።

ከፋብሪካ ቅባት በፊት

የአካባቢው ሕዝብ ቆዳውን መንከባከብ የጀመረው በሱቅ ዕቃ አይደለም። በኢትዮጵያ ሴቶች ወይባ ጢስ ይሞቃሉ፣ እጅና እግራቸውን በእንሶስላ ያቀልማሉ፣ ፀጉራቸውን ቅቤ ይቀባሉ። በሱዳን ዱኻን የሚባለው ጢስና ድልካ የሚባለው መዓዛማ ማሻ ከሙሽራ ዝግጅት አይለዩም። ሶማሌዎች ከጎብ ዛፍ ቅጠል የሚዘጋጀውን ቃሲል ፊታቸውን ይታጠቡበታል፤ በስዋሂሊ ጠረፍ ደግሞ ሊዋ የሚሉት የተለቆጠ የሰንደል እንጨት ይቀባል።

የእነዚህ ልማዶች ዋና ዓላማ ቆዳን ማጽዳት፣ ማለስለስና መልካም ሽታ መስጠት ነው። ሁሉም ለብጉራም ፊት ይስማማሉ ማለት ግን አይደለም። በ1970 አሜሪካውያን የቆዳ ሐኪሞች የፀጉር ቅባት የሚያዘወትሩ ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች ግንባራቸው ላይ የሚወጣባቸውን ደቃቅ ብጉር መርምረው «የፖማድ ብጉር» የሚል ስም ሰጥተውታል። ፀጉሩን ቅቤ ወይም ሌላ ወፍራም ቅባት አብዝቶ የሚቀባ ሰውም ግንባሩ ላይ ብጉር ሲበዛበት መጀመሪያ ሊጠረጥር የሚገባው ይህንኑ ነው። ሎሚ ፊት ላይ አሽቶ ፀሐይ መውጣትም ቆዳን አቃጥሎ በጥቁረት ላይ ጥቁረት ይጨምራል።

የባዜቃው ሳሙና

ሜርኩሪ፣ በጥንቱ አጠራር ባዜቃ፣ ቆዳ ሜላኒን እንዳያመርት ያውካል። ይህ ጠባዩ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ነጭ ሴቶች ፀሐይ የሚያወጣባቸውን የፊት ነጠብጣብ ለማጥፋት የሜርኩሪ ቅባት ይቀቡ ነበር። ሸቀጡ በአፍሪካ ከተሞች ሲስፋፋ ግን ነጠብጣብ ማጥፊያነቱ ቀርቶ መልክ መለወጫ ሆነ።

ሂሳቡ የተከፈለው በኩላሊት ነው። ናይሮቢ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ሐኪሞች ኩላሊት ፕሮቲንን በሽንት የሚያፈስበትንና ሰውነት የሚያብጥበትን ሕመም የታመሙ አዋቂዎችን መርምረው ውጤቱን በ1972 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። ከሕሙማኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሜርኩሪ ያለበት ቆዳ ማንጫ ቅባት ተጠቃሚዎች ሆነው ተገኙ። ቅባቱን ካቆሙት መካከል ብዙዎቹ ተሻላቸው። ፊት ላይ የተቀባ ነገር ፊት ላይ ብቻ እንደማይቀር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም ነበር።

በ1976 የያኔው የአውሮፓ ማኅበረሰብ ሜርኩሪ በሳሙናና በቆዳ ቅባት ውስጥ እንዳይገባ ከለከለ። የሆነ ሆኖ ለአውሮፓውያን ቆዳ አደገኛ የተባለው ሳሙና በዚያው በአውሮፓ ፋብሪካዎች እየተሠራ ወደ አፍሪካ መጫኑ ቀጠለ። ሜርኩሪ ያለበትን የመዋቢያ ሳሙና ወደ ውጭ መላክ በሕብረቱ ደንብ በግልጽ የተከለከለው በ2003 ነው። በሁለቱ ክልከላዎች መካከል ሃያ ሰባት ዓመት አለፈ።

ከጓንት የወጣ ቅባት

ሁለተኛው ንጥረ ነገር የተገኘው በአጋጣሚ ነው። በአሜሪካ በአንድ የቆዳ ፋብሪካ የሚሠሩ ጥቁር ሠራተኞች እጃቸውና ክንዳቸው በነጫጭ ለምጽ መሰል ምልክት ተሸፈነ። በ1939 የታተመው ምርመራ ምክንያቱን ከላስቲክ ጓንታቸው ላይ አገኘው፤ ጓንቱ እንዳያረጅ የሚጨመርበት ኬሚካል፣ ሞኖቤንዞን የሚባለው የሃይድሮኪኖን ዘር፣ ሜላኒን የሚሠሩትን ሕዋሳት ይገድል ነበር። የከብት ቆዳ ሲያለፉ የኖሩት ሠራተኞች የገዛ ቆዳቸው ቀለሙን አጣ።

የሠራተኛው ጉዳት ለነጋዴው ሐሳብ ሆነ። ሞኖቤንዞን ያለበት ቅባት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለገበያ ቀርቦ ብዙ ፊቶችን በማይለቅ ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር ካበላሸ በኋላ፣ በ1960ዎቹ ለዘብ ያለ ነው በተባለው በሃይድሮኪኖን ተተካ። በ1975 የፕሪቶሪያው የቆዳ ሐኪም ጂ. ኤች. ፊንድሌይና ባልደረቦቻቸው ሃይድሮኪኖን ለረጅም ጊዜ በተቀቡ ሴቶች ጉንጭ ላይ ሰማያዊ አዘል ጥቁረትና ሻካራ እባጭ ማየታቸውን አስታወቁ። ኦክሮኖሲስ የሚባለው ይህ ጉዳት እስካሁን ለማከም እጅግ አዳጋች ነው። ነጥቡን ሊያጠፋ የተቀባ ሰው ፊቱ ከቀድሞው ይልቅ ጠቆረ፤ ጥቁረቱን ሊያጠፋ ደግሞ አብዝቶ ተቀባ።

ደቡብ አፍሪካ በ1990 ባወጣችው ደንብ የመዋቢያ ቆዳ ማንጫዎችን ብቻ ሳይሆን «ያነጣል» የሚለውን ማስታወቂያ ጭምር አገደች። ይህ ክልከላ የተገኘው በሐኪሞች ጥረት ብቻ አልነበረም፤ የጥቁር ሕዝብ ንቃት እንቅስቃሴ የቅባቱን ንግድ ከዘር አገዛዙ ጋር አያይዞ በመታገሉ ጭምር ነው።

ከዚያ ወዲህ ሦስተኛ ትውልድ ተከተለ። ክሎቤታሶልን የመሰሉ ኃይለኛ የኮርቲዞን ቅባቶች ለኤግዚማና ለመሰል ሕመሞች የተሠሩ መድኃኒቶች ናቸው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊት ላይ ሲቀቡ በመጀመሪያው ሳምንት ቁጣን ስለሚያበርዱና ቆዳን ስለሚያፈኩ ተአምር ይመስላሉ። ወራት ሲያልፉ ግን ቆዳ ይሳሳል፣ ደም ሥር ይታያል፣ ቅባቱ ራሱም ብጉር ያወጣል። ያቆመው ሰው ፊቱ ስለሚቆጣ ተመልሶ ይገዛዋል።

የሐኪሞቹ መንገድ

እውነተኛውን ጠባሳ የማረም ጥበብ የተለየ ጎዳና ተከትሏል። በ1882 ጀርመናዊው ፓውል ጌርሶን ኡና ሳሊሲሊክ አሲድን፣ ፌኖልንና ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድን የመሳሰሉ ቆዳ ላጭ ውሕዶችን ገለጹ። በ1905 የአገራቸው ሰው ኧርንስት ክሮማየር በሞተር የሚሽከረከር መፋቂያ ለብጉር ጠባሳ ማስተካከያ አዋሉ። እነዚህ ዘዴዎች የዳበሩት በነጭ ቆዳ ላይ ነው። በጠቆረ ቆዳ ላይ መላጡና መፋቁ ራሱ ቁስል በመሆኑ አዲስ ጥቁር ነጥብ ሊተው ይችላል። ሌላው ቀርቶ ዛሬም ሐኪሞች የሚጠቀሙበት፣ ቶማስ ፊትዝፓትሪክ በ1975 ያዘጋጁት የቆዳ ዓይነት መለኪያ፣ ቡናማና ጥቁር ቆዳን ያካተተው ቆይቶ በተጨመረለት ክፍል ነው።

ብጉርን በማከም ረገድ ትልቁ እመርታ የትሬቲኖይን ቅባት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በ1971 ተፈቀደ። ይህን መድኃኒት ለዓለም ያስተዋወቁት አልበርት ክሊግማን ናቸው፤ የስማቸውን ያህል ጥላም አላቸው። ከ1951 እስከ 1974 በፊላደልፊያው ሆልምስበርግ እስር ቤት፣ አብዛኞቹ ጥቁሮች በሆኑ እስረኞች ላይ የቆዳ ሙከራ ሲያካሂዱ ኖረዋል። ከተማዪቱ ይቅርታ የጠየቀችው በ2022 ነው። በዛሬው የጥቁር ሰው ብጉር ሕክምና ውስጥ የእነዚያ እስረኞች ቆዳ አለበት።

በ2001 የታተመ አንድ ጥናት ሰርጓዳ ጠባሳን በሦስት ከፈለ፤ በመርፌ እንደተወጋ ጠባብና ጥልቅ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ሰፊ ጉድጓድ፣ እንደ ማዕበል የሚወዛወዝ። ክፍፍሉ የጠቀመው ለእያንዳንዱ የተለየ መላ በመፈለጉ ነው። ለጠባቡ በቀጭን እንጨት ጫፍ የሚነካ ጠንካራ አሲድ፣ ለተወዛዋዡ ጠባሳውን ወደ ታች የያዘውን ክር ከሥር በመርፌ መቁረጥ ይመረጣል። በጠቆረ ቆዳ ላይ በደቃቅ መርፌዎች ቆዳን መውጋት ከብዙዎቹ ሌዘሮች ይልቅ የማጥቆር ስጋቱ ያነሰ ነው። እነዚህ ሁሉ ብጉሩ ከቆመ በኋላ በሠለጠነ እጅ የሚደረጉ ናቸው፤ ጠባሳን ያሻሽላሉ እንጂ ሙሉ በሙሉ አይሰርዙም።

በአካባቢው የሠለጠነ እጅ ለረጅም ጊዜ ጥቂት ነበር። በአዲስ አበባ በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው አለርት የቆዳ ሕክምና ማዕከልም ሆነ። በታንዛኒያ ሞሺ በ1992 የተከፈተው አካባቢያዊ የቆዳ ሕክምና ማሠልጠኛ ለጎረቤት አገሮች ጭምር ባለሙያ ያፈራል። ሐኪም በሌለበት ቦታ ሐኪም ሆኖ የኖረው ሱቁ ነው።

ለጠቆረ ቆዳ የሚስማማ ልማድ

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ቀላል ነው፤ ቆዳን የሚያስቆጣ ነገር ሁሉ ነጥብ ይጨምራል። ጠዋትና ማታ በለዘብተኛ ሳሙና መታጠብ በቂ ነው፤ መፈተግም ሆነ ብጉርን ማፍረጥ ጉዳት ነው። ቀዳዳ የማይደፍን ቀላል ማለስለሻ ይከተላል። ጥቁር ሰው ፀሐይ አይነካውም የሚለው አባባል ለነጥብ አይሠራም። በ2010 የወጣ ጥናት እንዳሳየው በዓይን የሚታየው ብርሃንም ጭምር የጠቆረ ቆዳን ያጠቁራል፤ ስለዚህ 30 እና ከዚያ በላይ መጠን ያለው የፀሐይ መከላከያ፣ ቢቻል የብረት ኦክሳይድ ያለበት ባለ ቀለሙ፣ ይመረጣል።

ለብጉሩ ራሱ አዳፓሊን በአተር ፍሬ መጠን ማታ ማታ፣ መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን እየተዘለለ፣ ወይም ከ2.5 እስከ 5 በመቶ የሆነ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ይቀባል። አዘላይክ አሲድ ብጉርንም ነጥብንም ስለሚያክም ለጠቆረ ቆዳ ተስማሚ ነው፤ ለነፍሰ ጡርም ሐኪሞች የሚመርጡት እርሱን ነው። አዳፓሊንና ዘመዶቹ ግን ለነፍሰ ጡር አይሰጡም። ውጤት የሚመዘነው ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ከታገሡ በኋላ ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና ነገሩ፣ በየሳምንቱ ቅባት መቀያየር ቁጣን ከማብዛት በቀር ፋይዳ የለውም። ጠጣር፣ የሚያምና ጥልቅ ብጉር የያዘው ሰው ግን መጠበቅ የለበትም፤ ጠባሳን ለማስቀረት ትልቁ መድኃኒት ቶሎ መታከም ነው። ሃይድሮኪኖንም ቢሆን በሐኪም እጅ፣ ለተወሰነ ወር፣ ነጥቡ ላይ ብቻ ሲቀባ መድኃኒት ነው፤ መለያው በሌለው ጣሳ ለመላ ፊት ሲሸጥ ነው መርዝ የሚሆነው።

ሕጉ ዘግይቶም ቢሆን ተከትሏል። ሩዋንዳ በ2018 መገባደጃ ቆዳ ማንጫዎችን ከሱቅ መሰብሰብ ጀመረች። የምሥራቅ አፍሪካ ሕግ አውጪ ጉባኤም ሃይድሮኪኖን ያለባቸው የቆዳ ቅባቶች እንዲታገዱ የውሳኔ ሐሳብ አሳለፈ። በ2023 የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች ሜርኩሪ የተጨመረባቸው መዋቢያዎች በሙሉ እስከ 2025 እንዲቆሙ ተስማሙ። ነገር ግን ደንብ ድንበር ላይ ይቆማል፤ ጣሳው በሻንጣ ያልፋል። የይዘቱ ዝርዝር ያልተጻፈበትን፣ ወይም ሜርኩሪን ካሎሜል በሚል ስም የሸሸገውን ዕቃ መልሶ መደርደሪያው ላይ ማስቀመጥ ያለበት ገዢው ነው። ከሃምሳ ዓመት በፊት ናይሮቢ ውስጥ በኩላሊታቸው የከፈሉት ሰዎች ይፈልጉ የነበረው ምናልባት ጥቂት ነጥቦች እንዲጠፉላቸው ነበር፤ የተሸጠላቸው ግን የሌላ ሰው መልክ ነው።