ጊታሩ የማን ነበር?

በእኛ አገር ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ምን ቢገዛ እንደሚያምርበት ከተወሰነ ቆይቷል። ጋቢ ያምርበታል፤ ከዘራ ያምርበታል። ለልጁ ሠርግ ሰንጋ፣ ለቤቱ ቆርቆሮ፣ ሲተርፈው ደግሞ ለደብሩ ጥላ ቢገዛ ይመረቃል። ኤሌክትሪክ ጊታር ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። እስቲ ይታያችሁ፤ ዳንግላ ላይ አንድ የሃምሳ አምስት ዓመት መምህር የድሮ ሞዴል የሚመስል፣ ቀለሙ እንደ ቅቤ የወየበ ኤሌክትሪክ ጊታር ገዙ ቢባል፣ ወሬው ከመናኸሪያው ተነስቶ ገበያው እስኪደርስ «ጋሼን ምን ነካቸው?» የማይል አይኖርም።

እኛ ዛሬ ለእንዲህ ያሉ ጋሼዎች ጥብቅና ልንቆም ነው። ፈረንጆቹ ይህን ዓይነቱን ግዢ «የመካከለኛ ዕድሜ ቀውስ» ብለው ይስቁበታል። ጎልማሳው ያመለጠችውን ወጣትነት በገንዘቡ ሊያስመልስ ይሞክራል ማለታቸው ነው። ለእነሱ ልክ ሊሆን ይችላል። የእኛ ጎልማሳ ግን የሚያስመልሰው ነገር የለውም፤ ጊታሩ ድሮም የእርሱ አልነበረም። ጋዜጠኝነት ስንማር «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን» እያልን እንድንጠይቅ ተነገረን። «የማን?» የሚለውን ግን ማንም አላስተማረንም። የጊታር ታሪካችን የሚገባን ደግሞ በዚህኛው ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው ትንሽ እንበል። ዛሬ «የድሮ ሞዴል» እየተባለ የሚሸጠውን ጊታር የፈጠረው ሊዮ ፌንደር የሚባል አሜሪካዊ ነው። ሰውየው ራዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ የጥገና ሱቁን እ.ኤ.አ. በ1938 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከፈተ። ጊታር መጫወት እስኪሞት ድረስ አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1951 ቴሌካስተርን፣ በ1954 ደግሞ ስትራቶካስተርን ለገበያ አቀረበ። አሠራሩ ከራዲዮ ጠጋኝ የሚጠበቅ ነው፦ ማግኔት ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይጠመጠማል፤ የብረቱ ክር ከላዩ ሲንቀጠቀጥ በሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ አምፕሊፋየሩ ያንን ያጎላዋል።

ፌንደር ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1965 ሲ.ቢ.ኤስ. ለተባለ ኩባንያ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ተጫዋቾች «ከዚያ ወዲህ ዕቃው ረከሰ» እያሉ ማጉረምረም ጀመሩ፤ ከ1965 በፊት የተሠሩትም እንደ ቅርስ ይፈለጉ ጀመር። ነገሩ የገባው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 የራሱን የድሮ ሞዴሎች እየመሰለ እንደገና መሥራት ያዘ። በ1995 ደግሞ ጭራሽ አዲሱን ጊታር ፍቆ፣ ጭሮና አዝጎ «ያረጀ» አድርጎ መሸጥ ጀመረ። ከፋብሪካ ተቀዶ የሚወጣውን ጂንስ አስቡት። አያቶቻችን ቢሰሙ «የደላው!» ይሉ ነበር። የሆነ ሆኖ በዚህ ሳቢያ እስያ ውስጥ የሚሠሩ፣ የድሮውን መልክ የያዙና ዋጋቸው ዝቅ ያለ ጊታሮች መጡ። አዲስ አበባ ካለ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ወይም በዘመድ ሻንጣ የሚገቡትም አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ናቸው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ።

ዘመናዊ የሙዚቃ መሣሪያ ወደዚህ አገር የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡት የነፋስ መሣሪያዎች የንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆችም የቤተ መንግሥት ሙዚቀኞች ነበሩ። ከዚያ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ተከተሉ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተከፈተ። ሙዚቀኛው ማዕረግና ደመወዝ ነበረው፤ መሣሪያው ግን የክፍሉ ነበር። ክፍሉ ሲነካ ሙዚቀኛውም ይነካል፦ የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ የክቡር ዘበኛው ጥላሁን ገሠሠ ሳይቀር ታስሯል።

ኤሌክትሪክ ጊታሩ የራሱ መንገድ ነበረው። አንዱ መንገድ አሥመራ ነው። የአሜሪካኖቹ የቃኘው ሻለቃ ጣቢያ ከነራዲዮው እዚያ ስለነበር የከተማዋ ወጣቶች ሮክና ሶል ከብዙዎቻችን አባቶች ቀድመው ሰሙ። እንደ ተወልደ ረዳ ያሉ ጊታሪስቶች የወጡት ከዚያ ነው። ኋላ አዲስ አበባ መጥቶ የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ጊታሪስት የሆነው ሰላም ሥዩም ወልደማርያምም የአሥመራ ልጅ ነው። ሰላም ከመድረክ አልፎ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ታሪክ ተማረ፤ የዘመናዊ ሙዚቃችንን አጀማመርም ራሱ አጥንቶ ጻፈ። ጊታሩን ይዞ ታሪኩንም የጻፈ ሰው ስላለን ደስ ይለናል።

በ1960ዎቹ ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሆቴሎችና የምሽት ክለቦች የየራሳቸው ባንድ ነበራቸው። «የራሳቸው» የሚለው ቃል ይሰመርበት። በአብዛኛው ጊታሩንም፣ አምፕሊፋየሩንም፣ ከበሮውንም የሚገዛው ባለቤቱ ነበር። ሙዚቀኛው ከባለቤቱ ቢጣላ በባዶ እጁ ይወጣል። ዋልያስ ባንድ መሣሪያዎቹን በራሱ ገንዘብ መግዛቱ ዛሬም ድረስ እንደ ትልቅ ነገር የሚወሳው ለዚህ ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ወረዱ፤ ሰዓት እላፊም መጣ። የሆቴል ባንዶቹ ግን አላቆሙም። እንግዳው ከሰዓት እላፊ በፊት ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ ሙዚቃው እስኪነጋ ይቀጥላል። ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ጋር «ኧረ መላ መላ»ን ያወጣው በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። የሰላም ሥዩም ጊታርና የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ያንን ዘመን እስካሁን ያሰሙናል። ሙዚቃው እ.ኤ.አ. በ1986 ብራስልስ ላይ ታትሞ ፈረንጅ ሲደነቅበት፣ እዚህ አገር ብዙ ወጣት በግንባር ነበር።

ይህ ሁሉ የአዲስ አበባና የአሥመራ ታሪክ ነው ትሉን ይሆናል። ልክ ናችሁ። ዳንግላ ለውጭ ነገር እንግዳ አልነበረችም፤ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ቺስማን የተባለው የእንግሊዝ ቆንሲል መቀመጫውን ያደረገው እዚሁ ነበር። እንደ እኛ ላሉ ከተሞች ኤሌክትሪክ ጊታርን ያቀረበው ግን በዋናነት የደርግ ዘመን ኪነት ነው። ቀበሌው ኪነት ነበረው፤ አውራጃው ኪነት ነበረው፤ ክፍለ ሀገሩም እንዲሁ። ጎንደር ፋሲለደስን፣ ወሎ ላሊበላን፣ ጎጃም ደግሞ ግሽ ዓባይን አቆመ። የገበሬና የመምህር ልጆች በማሲንቆና በዋሽንት አጠገብ ጊታር፣ ቤዝና ኦርጋን አዩ። «ልጄ አዝማሪ ሊሆን ነው?» ብሎ የሚቆጣ አባት እንኳ አብዮት ነው ሲሉት ዝም አለ።

ለውለታው ግን ዋጋ ነበረው። የሚዘፈነውን የሚመርጠው ካድሬው ነበር። በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ ጊታር ለመያዝ የደረሰ እጅ ጠመንጃ ለመያዝም ደረሰ። መሣሪያው ደግሞ እንደገና የሌላ ሰው ነው፤ በመዝገብ የሰፈረው በኪነቱ ስም እንጂ በልጁ ስም አልነበረም። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ኪነቱም ከሥርዓቱ ጋር ተበተነ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ኪቦርድ ነገሠ፤ አንድ ሰው ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ሳክስፎኑንም በአሥር ጣቱ ያወጣ ጀመር። ጊታር ለመማር የጓጓው የያኔው ጎረምሳ አስተማሪ ሆነ፣ ነጋዴ ሆነ፣ አባት ሆነ። ጣቶቹ የሚያውቁት አንድ ሁለት ነገር ግን ቀረ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል።

የራስ መሣሪያ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ካየንባቸው ሰዎች አንዱ የዋልያሱ ኃይሉ መርጊያ ነው። መሣሪያው ኪቦርድ እንጂ ጊታር አይደለም፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ኋላም ዋሺንግተን ውስጥ ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ከታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አስቀምጦ፣ ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ ያወጣውና ይለማመድ ነበር። ባለቤት የለ፣ ካድሬ የለ፣ አድማጭም የለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የድሮ ሥራው እንደገና ታትሞ ዓለም ሲያገኘው ወደ ሰባ እየተጠጋ ነበር፤ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። ያንን ኪቦርድ ተነስ፣ አስረክብ የሚለው ስላልነበረ ነው እጁ ያልሞተው።

እንግዲህ የጋሼ ደስታ ምን እንደሆነ የሚገባን በዚህ በኩል ነው። ጊታሩ ለምን የድሮ መልክ እንደያዘም እንዲሁ። መልኩ በልጅነታቸው መድረክ ላይ፣ በሌላ ሰው አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ያዩት ነው። ያኔ ቢነኩት የሚቆጣ ነበር። ዛሬ ማታ ከፈለጉ ይነኩታል፤ ካልፈለጉ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል፤ ክሩን ይቀይሩለታል፤ ልጃቸው ሲነካካው ይቆጣሉ። ጣታቸው ደንድኗል፤ የክሩ ጠርዝ ያማቸዋል። ባለቤታቸው ዋጋውን ሲጠይቁ ግማሹን ይናገራሉ። ሆኖም በደረሰኙ ላይ የሰፈረው ስም የራሳቸው ነው።

መብራት ቢጠፋስ? ይጠፋል። ደግነቱ ኤሌክትሪክ ጊታር መብራት ሲጠፋ ጨርሶ ዲዳ አይሆንም። ድምፁ ይቀጥናል እንጂ ከደረቱ ጋር ካስጠጉት ይሰማል፤ ጎረቤት አይሰማውም፣ ተጫዋቹ ግን ይሰማዋል።

ይህን ስንጽፍ ስለ ራሳችን እያሰብን ነው። እኛ የዚህ ገጽ ጸሐፊዎች ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነን። ሰዓት እላፊ የአባቶቻችን ዘመን ቃል ይመስለን ነበር። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ፣ ነሐሴ ላይ ባሕር ዳርን ጨምሮ በከተሞች ሰዓት እላፊ ሲጣል ግን ቃሉ የእኛም ሆነ። ከእኩዮቻችን ትምህርቱ የተቋረጠበት አለ፤ ጨዋታው የተቋረጠበት አለ፤ ከሁለቱም የባሰም አለ። እኛም ሃምሳ ሲሞላን ልጆቻችን እየሳቁብን የምንገዛው አንድ ነገር ይኖረን ይሆናል። ምን እንደሚሆን ከአሁኑ አናውቅም።

እስከዚያው ግን አንድ ነገር ማድረግ እንችላለን። በየከተማው በኪነት ያለፉ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ዕድሜያቸው ግን አይጠብቀንም። ሰርግ ላይ፣ እድር ላይ፣ መምህራን ክፍል ውስጥ እናገኛቸዋለን። ምን ዘፈናችሁ ብቻ ሳይሆን መሣሪያው የማን ነበር፣ ሲበተን ማን ወሰደው ብለን እንጠይቃቸው፤ እንጻፈውም። ከእነርሱ አንዱ ጊታር ገዝቶ ከተገኘ ደግሞ «እንኳን ደስ ያለዎት» እንበለው፤ ለቤትና ለመኪና የምንለውን ያህል።

ቸር እንሰንብት።