ሐረር በፎቶግራፍና በሲኒማ

ስለ ሐረርና ስለ ሲኒማ የሚጻፍ ታሪክ የሚጀምረው ሲኒማ ገና ሳይፈጠር ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ቅኔውን ትቶ የንግድ ቤት ወኪል በሆነበት ዘመን፣ በ1875 ዓ.ም.፣ ከሊዮን ከተማ ያስመጣውን የፎቶግራፍ መሣሪያ በሐረር ተከለ። ከተማይቱ በዚያን ጊዜ በግብጾች እጅ ነበረች። ራምቦ አንድ ጊዜ በሰገነት ላይ ቆሞ፣ አንድ ጊዜ በቡና አትክልት ውስጥ፣ አንድ ጊዜም በሙዝ ተክል መካከል እጆቹን አጣምሮ ራሱን አነሣና ሥዕሎቹን ለቤተሰቦቹ ላከ። ሥዕሎቹ የነጡት ለማጠቢያ ያገኘው ውሃ መጥፎ ስለ ሆነ መሆኑንም በደብዳቤው ገልጿል።

ከእነዚህ ሌላ ለቡና መጫኛ የሚሆን የቆዳ ከረጢት የሚሠራ አንድ የሐረር ሰው በሥራው ላይ ሳለ የተነሣ ሥዕል አለ። የእጅ ሥራው ታውቋል፤ ስሙ ግን ከሥዕሉ ጋር አልመጣም። ለእኔ የሐረር የሥዕል ታሪክ ዋናው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል፤ ይኸውም ባለመሣሪያው እንግዳ በስሙ ሲታወቅ የተነሣው ባላገር በሙያው ብቻ መቅረቱ ነው።

ከዚህ በኋላ ብዙ ሳይቆይ፣ በ1888 ዓ.ም.፣ የዚያችው የሊዮን ሰዎች የሆኑት የሉሚዬር ወንድማማቾች ተንቀሳቃሹን ሥዕል በፓሪስ ለሕዝብ አሳዩ። መሣሪያው ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ለመድረስ ብዙ ዘመን አልፈጀም። የአዲስ አበባም ሕዝብ የመጀመሪያውን የሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው የታወቀ ነው። ሐረርን ግን የባቡር ሐዲድ ዘለላት። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ከተራራው ወደ ሜዳው ወረደ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ ከደረሰም በኋላ ከባሕር የሚመጣው አዲስ ዕቃ ሁሉ በሐረር ግርጌ እያለፈ ወደ ዋናው ከተማ ይጓዝ ጀመር። የካራቫን መናኸሪያ የነበረችው ከተማ እንግዳ ሊጎበኛት የሚወጣባት ከተማ ሆነች። እንግዳም መሣሪያውን ይዞ ይመጣል።

ከሁሉ የከፋው እንግዳ በ1928 ዓ.ም. የመጣው ነው። ሐረር ያልተመሸገች ክፍት ከተማ ተብላ ታውጃ ሳለች መጋቢት 20 ቀን በአውሮፕላን ተደበደበች፤ ሚያዝያ 30 ቀን የግራሲያኒ ጦር ገባባት። የፋሺስት መንግሥት የፊልም ድርጅት የነበረው ሉቼ ጦሩን ተከትሎ ፊልም የሚያነሣ ክፍል ነበረው፤ ዜና ፊልሙንም የኢጣልያ ሲኒማ ቤቶች ሁሉ በሕግ ተገደው ያሳዩት ነበር። እንዲህ ባለ ፊልም ውስጥ የተያዘው አገር ሕዝብ አይናገርም፤ ስለ እርሱ የሚናገር ሌላ ነው።

በዚህ ላይ ስለ ፊልም ማስታወቂያ ሥዕል ጥቂት ልናገር፤ ይህን ጥበብ እወደዋለሁና። ማስታወቂያ ማለት ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ታሪክ መንገደኛው በደጃፍ አልፎ እስኪሄድ ድረስ ባለው ጊዜ እንዲነገር የሚደረግበት ሥዕል ነው። በአዲስ አበባ በሲኒማ አምፒርና በሲኒማ ኢትዮጵያ ደጃፍ ቆመው ያዩ ሁሉ ያውቁታል፤ ብዙ ጊዜ ሥዕሉ ከፊልሙ ይበልጣል። ለማታለል ሐሰት መናገር አያስፈልገውም፤ አንዱን ነገር አጉልቶ ሌላውን መጣል ይበቃዋል።

ሐረርም በውጭው ዓለም ዘንድ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ወጥቶላታል። አንደኛው በሌሊት ከሰው አፍ ሥጋ የሚቀበል ጅብ ነው፤ ሁለተኛው ራምቦ ነው። በጁገል ግንብ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የአድባራት ስፍራዎች እንዳሉ በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል፤ ይህ ሁሉ ግን ከጅቡ ጀርባ ይቀራል። «የራምቦ ቤት» ተብሎ ለጎብኚ የሚታየው ያማረ ቤትም እርሱ ከሞተ በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. አግኔሽካ ሆላንድ ስለ ባለቅኔው ሕይወት ፊልም ስትሠራ የአፍሪካውን ክፍል ያነሣችው በጂቡቲ ነበር። ደጋይቱ፣ ነፋሻይቱ፣ የቡናና የጫት አገር ሐረር በጨው ጠረፍ ተተካች። ተመልካቹም ልዩነቱን አላወቀም፤ ከየት ያውቃል?

በአገራችን በኩል በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው የአማርኛ ፊልም ታየ፤ ቴሌቪዥንም በዚያው ዓመት በጥቅምት ሥራውን ጀመረ። ሁለቱም የአዲስ አበባ ነገር ነበሩ። ሐረር ከውስጧ በወጣች ልጅ በረጅም ፊልም እስክትነገር ድረስ ገና ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረባት።

ያ ፊልም በ2021 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው «ፋያ ዳዪ» ነው። ሠሪዋ ጄሲካ በሺር በሐረር ያደገችና በወጣትነቷ ከአገር የወጣች ናት፤ እየተመላለሰች ፊልሙን ለመጨረስ ዐሥር ዓመት ያህል ፈጅቶባታል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ቋንቋው ኦሮምኛ፣ ሐረሪና አማርኛ ነው። ታሪኩም በጫት ዙሪያ ይዞራል፤ በማለዳ የሚቈርጡት፣ የሚጭኑት፣ የሚቅሙት፣ በጫት የተያዘ አባት ያለው ልጅ፣ ባሕር ተሻግሮ ለመሄድ የሚያስብ ወጣት ይታዩበታል። በመካከሉም የሕይወትን ውሃ ፍለጋ ስለ ወጣ ሰው የሚነገረው የሱፊዎች ትረካ ይገባል። በዚያው ዓመት በስዊስ አገር በቪዝዮን ዱ ሬኤል ታላቁን ሽልማት አግኝቷል።

ፊልሙ ቸኩሎ አያስረዳም፤ ጭሱንና ጭጋጉን ያስቀድማል። በዚህ የተሰላቹ ተመልካቾች እንዳሉ አያጠራጥርም። እኔ ግን ትዕግሥቱን አከብራለሁ፤ ለከረጢት ሠሪው ሥዕል የጎደለው ነገር በዚህ አለና። የሚሠራው ሰው ራሱ ይናገራል፤ የሚያሳዝነውንም በገዛ ቋንቋው ይነግረናል። የምነቅፈው ነገር ቢኖር ጫቱ በተራው ሦስተኛ ማስታወቂያ ሊሆን መቻሉን ነው። ይህ ግን ከፊልሙ ይልቅ ሐረርን በዚህ አንድ ፊልም ብቻ የሚያውቅ ተመልካች ጥፋት ይሆናል።

ስለዚህ የሚቀጥለው ሥራ ብዙ ነው። በሐረሪ ቤት ውስጥ እንደየክብሩ ከፍና ዝቅ ብሎ የተሠራው መቀመጫ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሙዳይና ሰፌድ፣ ከነዚህም ጋር የባለቤቲቱ ስም አንድ ፊልም ይሞላል። ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ ሲገቡም ልብስ ሰፊዎች በግራና በቀኝ የሚሠሩበት ጠባብ መንገድ አለ፤ ሕዝቡ ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የተነሣ «መኪና ግርግር» ይለዋል። ያን ድምፅ ማንም የማስታወቂያ ሥዕል ሊይዘው አልቻለም።