መልክና ዜግነት በድሬ ዳዋ

የሰውን አገር ወይም ነገድ ከመልኩ አይቶ መናገር ይቻላልን? ጥያቄው በየትም ቢነሣ፣ ለመመርመር እንደ ድሬ ዳዋ የሚመች ከተማ ያለ አይመስለንም።

ሐዲዱን ሐረር ተራራ ላይ ማውጣት አስቸጋሪ ስለነበረ፣ ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደርሶ ቆመ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ አዲሱን ሥፍራ አዲስ ሐረር ብለው ቢሰይሙትም የጸናው ስም ድሬ ዳዋ ነው። የኦሮሞና የሶማሌ ከብት አርቢዎች በነበሩበት ምድር ላይ ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና የየመኑ ዐረብ፣ ከሐረርና ከመሀል አገር የወረደውም ነጋዴና ሠራተኛ ሰፈረ። ከደቻቱ ወንዝ በአንድ ወገን የባቡር ኩባንያው ያቀናው ከዚራ፣ በማዶው መጋላ ሆነ። ሰው ተጋባ፤ ተዋለደም። ከየመን አባትና ከኦሮሞ እናት የተወለደውን ልጅ ፊቱን ብቻ አይቶ ዐረብ ነው ወይም አይደለም ማለት ግምት እንጂ ዕውቀት አልነበረም።

የኢትዮጵያ ሕግም መልክን አልጠየቀም። ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነውን ሰው፣ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ ቢወለድ፣ ኢትዮጵያዊ ይለዋል። ዜግነት ከሚለምነው የውጭ አገር ሰው ደግሞ አምስት ዓመት መቀመጡን፣ ሠርቶ ማደሩን፣ አማርኛ መናገርና መጻፍ ማወቁን ይፈልጋል። (የመጨረሻው ግዴታ በትውልድ ዜጋው ላይ ቢጣል ኖሮ ስንቱ ይወድቅ እንደነበረ አንባቢ ይገምተው።)

መልክን ሕግ ያደረገው ጠላት ነው። ኢጣልያ በ1925 ዓ.ም. ለኤርትራና ለሶማሊያ ባወጣችው ሕግ፣ ወላጆቹ ያልታወቁ ልጅ የሰውነቱ መልክ ሁለቱም ነጮች እንደነበሩ የሚያሳምን ከሆነ ኢጣልያዊ ዜጋ ነው አለች። አባት ጠፍቶ እናት ጠፍታ፣ አፍንጫና ጠጕር ምስክር ሆነው ቀረቡ ማለት ነው። ድሬ ዳዋ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. በኢጣልያ ጦር እጅ ገባች። በዚያው ወር የወጣው የቅኝ ግዛት ሕግ ክልሶች ቀድሞ ወደ ዜግነት ይገቡበት የነበረውን በር ዘጋ። ግንቦት 5 ቀን 1932 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ ባሰ፤ ኢጣልያዊው አባት ልጄ ነው ብሎ ክልሱን እንዳይቀበል፣ ልጁም የአባቱን ስም እንዳይጠራበት ከለከለ፤ የማሳደጉንም ወጪ በአገሬው ወላጅ ላይ ጣለ። ጠላት በመልክ መመስከር ያምን ነበር ብንል እንኳ እምነቱ ልባዊ አልነበረም፤ የልጁ ፊት የአባቱን ፊት ሲመስል ምስክርነቱ አልተሰማምና። የሕጉ ዕድሜ በድሬ ዳዋ አጭር ሆነ፤ የእንግሊዝ ወገን ጦር መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም. ከተማይቱን ያዘ።

የዜግነቱ ነገር እንዲህ ሲሆን፣ የነገዱ ነገር ደግሞ የባሰ ረቂቅ ነው። በከተማይቱ ዙሪያ የሚኖረውን ጉርጉራን እንመልከት። የትውልድ ሐረጉ ከሶማሌው ዲር ይመዘዛል፤ ብዙው ሰው ግን አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው። እዚህ መልክ ብቻ ሳይሆን ቋንቋም አያስታምንም፤ አንዱ በአባት ቈጥሮ ሶማሌ ሲለው ሌላው በንግግሩ ኦሮሞ ይለዋል። ይህ የጨዋታ ክርክር አይደለም፤ የከተማይቱ ሥልጣን ለኦሮሞ 40፣ ለሶማሌ 40፣ ለቀሩት 20 ከመቶ ተብሎ ሲደለደል፣ ማን ከማን ይቈጠራል የሚለው የወንበር ጥያቄ ሆኗል።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቈጠራ ከአስተዳደሩ 341,834 ነዋሪ መካከል ኦሮሞው ከመቶ 46፣ ሶማሌው 24፣ አማራው 20 ያህል ሆኖ ተጽፏል። ቈጣሪው የጻፈው ያየውን ፊት ሳይሆን የተነገረውን ቃል ነው።