የተሸነፈው ፓርቲ፣ ያሸነፉት ጥያቄዎች

ጁላይ 4 ቀን 1892፣ አሜሪካ የነጻነት በዓሏን በምታከብርበት ዕለት፣ በነብራስካ ግዛት በኦማሃ ከተማ የተሰበሰቡ ገበሬዎችና የሠራተኛ ማኅበራት መልእክተኞች «የሕዝብ ፓርቲ» ብለው የሰየሙትን ድርጅት መርሐ ግብር በጭብጨባ አጸደቁ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዕለቱን የመረጡት ሆን ብለው ነበር፤ ሰነዳቸው እንደ ሁለተኛ የነጻነት ዐዋጅ እንዲታይላቸው ሽተዋልና። ባለጸጋው እንደ ገቢው መጠን ከፍ ያለ ግብር እንዲከፍል፣ ሴናተሮች በየግዛቱ ምክር ቤት መሾማቸው ቀርቶ በቀጥታ በሕዝብ እንዲመረጡ፣ ድምፅ በምስጢር እንዲሰጥ፣ የሥራ ሰዓት እንዲያጥር፣ ባቡርና ቴሌግራም በመንግሥት እጅ እንዲሆኑ፣ የብር ሳንቲም ከወርቁ ጎን በገደብ የለሽ መጠን እንዲመታ ጠየቁ።

ፓርቲው ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ከምርጫ መድረክ ጠፋ። ከጥያቄዎቹ ግን አያሌዎቹ ዛሬ የአሜሪካ ሕግ ናቸው። ዜግነት ወስዶ በአሜሪካ የሚኖር ወገናችን በኖቬምበር ሴናተሩን ሲመርጥ፣ በኤፕሪል የገቢ ግብሩን ሲያሳውቅ፣ በመጋረጃ ተከልሎ ድምፁን ሲሰጥ፣ እነዚያ ገበሬዎች በጠየቁት ሥርዓት ውስጥ ነው ያለው። ይሁን እንጂ ስለዚህ ንቅናቄ የሚነገረው ታሪክ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። ጥያቄዎቹ ሲያሸንፉ ከጠያቂዎቹ መካከል እነማን ውጭ እንደቀሩ ሳይነሣ ይታለፋል።

በመጀመሪያ ገበሬውን ያስነሣው ምን ነበር? የእርስ በርሱ ጦርነት በ1865 ሲያበቃ የደቡቡ ክፍል ባንክም ጥሬ ገንዘብም አልነበረውም። ገበሬው ዘሩን፣ ማዳበሪያውን፣ ዱቄቱንና ጨርቁን ከአካባቢው ነጋዴ በዱቤ ይወስዳል፤ መያዣው ገና ያልበቀለው ሰብል ነው። በጥሬ ገንዘብ ለሚገዛ አንድ ዋጋ፣ በዱቤ ለሚወስድ ሌላ ከፍ ያለ ዋጋ ነበር፤ ወለዱም በዚያ ላይ ይታከላል። መዝገቡን የሚይዘው ነጋዴው ስለሆነ፣ መጻፍና ማንበብ የማይችለው ባለዕዳ የተነገረውን ከመቀበል በቀር ምርጫ አልነበረውም። ነጋዴው የሚፈልገው ጥጥ ብቻ በመሆኑ ገበሬው ለልጆቹ የሚሆን በቆሎ የሚዘራበት መሬት እየጠበበ ሄደ። ጥጡ ተለቅሞ ዕዳው ካልተከፈለ ቀሪው ወደሚመጣው ዓመት ይዞራል። ብዙ ባለመሬት የነበሩ ነጮች በዚህ መንገድ በገዛ ርስታቸው ላይ ጭሰኛ ሆኑ፤ ከባርነት የወጡት ጥቁሮች አብዛኞቹ ደግሞ ገና ከመነሻው ጭሰኞች ነበሩ።

በዚህ ላይ የገንዘቡ ጣጣ ተጨመረ። በ1873 የወጣ ሕግ የብር ዶላር መመታቱን አስቀረ፤ ከ1879 ጀምሮም የወረቀት ገንዘቡ በወርቅ የሚመነዘር ሆነ። ሕዝቡና ምርቱ ሲበዛ ገንዘቡ በዚያው ልክ ስላልበዛ የእህልና የጥጥ ዋጋ ወረደ። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ከ10 ሳንቲም በላይ ያወጣ የነበረው አንድ ፓውንድ ጥጥ በ1894 ከ5 ሳንቲም በታች ተሸጠ። የዕዳው ቁጥር ግን አልወረደም፤ ቀድሞ በአንድ ከረጢት ጥጥ ይከፈል የነበረው ዕዳ አሁን ሁለት ከረጢት ጠየቀ። በምዕራቡ ሜዳ ያለው ስንዴ አምራችም ከቤትና ከመሬት መያዣ ዕዳው ሌላ፣ ምርቱን ለማጓጓዝ የባቡር ኩባንያው የቆረጠለትን ዋጋ መክፈል ግዴታው ነበር።

በ1877 በቴክሳስ ላምፓሳስ አውራጃ የተጀመረው የገበሬዎች ኅብረት መጀመሪያ ፖለቲካን አልሻም ነበር። ዓላማው ገበሬው ተባብሮ እንዲገዛና ተባብሮ እንዲሸጥ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ግን ባንኮች ብድር ስለነፈጓቸው አንድ በአንድ ወደቁ። ከውድቀቱም ቻርልስ ማኩን የተባለው መሪ በ1889 ያቀረበው «ንዑስ ግምጃ ቤት» የተሰኘ ዕቅድ ተወለደ። መንግሥት ጎተራዎች ይሠራል፤ ገበሬው ምርቱን እዚያ አስቀምጦ የዋጋውን 80 በመቶ በጥቂት ወለድ ይበደራል፤ ገበያው ሲሻሻል ይሸጣል። በመከር ወቅት ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሸጥ ዋጋ እንደሚሰበር ያየ ሰው የዕቅዱ ብልኀት አይጠፋውም። ዋሽንግተን ግን አልሰማችም። ገበሬውም ኮንግረስ ካልተለወጠ ጎተራው እንደማይሠራ ተረዳ።

በኖቬምበር 1892 የፓርቲው ዕጩ ጄምስ ዊቨር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ድምፅና 22 የመራጭ ወኪሎች አገኘ። ካንሳስ፣ ኮሎራዶ፣ አይዳሆና ኔቫዳ ለእርሱ ሆኑ። በደቡብ ግን አንድም ግዛት አላሸነፈም። ምክንያቱን ለማወቅ ከኦማሃው ጉባኤ በፊት ወደ ነበሩት ዓመታት መመለስ ያስፈልጋል።

የደቡቡ የገበሬዎች ኅብረት ጥቁሮችን በአባልነት አይቀበልም ነበር። ስለዚህ በ1886 በቴክሳስ የጥቁር ገበሬዎች ኅብረት ለብቻው ተመሠረተ፤ መሪዎቹም ከአንድ ሚሊዮን በላይ አባላት እንዳሏቸው ይናገሩ ነበር። ሁለቱ ኅብረቶች ጠላታቸው አንድ ይመስል ነበር፤ ኑሯቸው ግን አንድ አልነበረም። በ1891 ጥቁር ጥጥ ለቃሚዎች የቀን ሥራ ክፍያቸው ከፍ እንዲል አድማ ሲጠሩ፣ ከነጮቹ ኅብረት አባላት ብዙዎቹ ራሳቸው አሠሪዎች ስለነበሩ መሪያቸው ሊዮኒዳስ ፖልክ አድማውን ተቃወመ። በአርካንሳስ ሊ አውራጃ አድማው በደም ታፈነ፤ መሪውን ቤን ፓተርሰንን ጨምሮ ከአሥር በላይ ጥቁሮች ተገደሉ። በነጋዴው ላይ የተነሣው ገበሬ የራሱ ሠራተኛ ሲነሣበት በነጋዴው ቦታ ቆመ።

የተሻለ ነገር የሞከሩም ነበሩ። የጆርጂያው ቶም ዋትሰን በ1892 ነጩና ጥቁሩ ድኻ እንዲጣሉ የሚደረገው እያንዳንዳቸው ተለያይተው እንዲዘረፉ መሆኑን በአደባባይ ይሰብክ ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ብሂል ሰምቶት ባያውቅም፣ ሐሳቡ ያው ነበር። ይህም በተግባር የታየው በሰሜን ካሮላይና ነው። በዚያ ፖፑሊስቶችና ጥቁሮች የሚበዙበት የሪፐብሊካን ፓርቲ ተባብረው በ1894 የግዛቱን ምክር ቤት ያዙ። የብድር ወለድ ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ደነገጉ፣ ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን ገንዘብ ጨመሩ፣ አውራጃዎች አስተዳዳሪዎቻቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ አደረጉ። ኖቬምበር 10 ቀን 1898 ግን በዊልሚንግተን ከተማ የታጠቁ ነጮች የጥቁሮችን ጋዜጣ ማተሚያ ቤት አቃጠሉ፤ በርካታ ጥቁሮችን ገደሉ፤ በሕግ የተመረጠውንም የከተማ አስተዳደር በጠመንጃ አፈሙዝ አስወገዱ።

ከዚህ በኋላ ጠመንጃውን ሕግ ተካው። የሚያሳዝነውም ሕጉ ከተሐድሶ ጥያቄዎች መካከል አንዱን መሣሪያው ማድረጉ ነው። ቀድሞ የድምፅ መስጫውን ወረቀት የሚያትሙት ፓርቲዎች ነበሩ፤ የአንዱ ከሌላው በቀለሙና በመጠኑ ስለሚለይ አሠሪው ሠራተኛው ማንን እንደመረጠ ከሩቅ ያያል። መንግሥት የሚያትመው፣ በምስጢር የሚሞላው ወረቀት በ1888 ማሳቹሴትስ ከተቀበለችው ወዲህ በአገሩ ሁሉ ተስፋፋ፤ ድኻውንም ከአሠሪው ዓይን ጋረደ። በደቡብ ግን ያው ወረቀት ሌላ ሥራ ተሰጠው። የዕጩዎቹ ስም ያለ ፓርቲ ምልክት ሲደረደርና ረዳት ሲከለከል፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ወረቀቱ ግድግዳ ሆነ። ያ ሰው ማንበብ ያልቻለውም በባርነት ዘመን አብዛኞቹ የደቡብ ግዛቶች ባሪያን ማስተማር በሕግ ስለከለከሉ ነበር። በዚያ ላይ የመምረጫ ግብርና የንባብ ፈተና ተጨመሩ፤ ሚሲሲፒ በ1890፣ ሉዊዚያና በ1898፣ ሰሜን ካሮላይና በ1900። በሉዊዚያና በ1896 ከ130 ሺህ በላይ የነበሩት የተመዘገቡ ጥቁር መራጮች በ1904 ወደ 1,342 ወረዱ። ግብሩን መክፈል ያቃታቸው ብዙ ድኻ ነጮችም አብረው ከመዝገቡ ተፋቁ። ዋትሰን ራሱ በአዲሱ ምዕት ዓመት የጥቁሮችን የመምረጥ መብት መገፈፍ ደጋፊ ሆነ፤ በ1920 ሴናተር ተብሎ ሲመረጥም የዘር ጥላቻ ሰባኪ ሆኖ ይታወቅ ነበር።

ፓርቲው በ1896 የዴሞክራቶቹን ዕጩ ዊልያም ጄኒንግስ ብራያንን የራሱ ዕጩ አድርጎ በመቀበሉ ከሽንፈቱ አላገገመም። የጥያቄዎቹ ጉዞ ግን ቀጠለ። በ1894 የወጣውን የገቢ ግብር ሕግ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1895 በአምስት ለአራት ድምፅ ሽሮት ነበር፤ በ1913 ግብሩም የሴናተሮች ቀጥታ ምርጫም በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጸደቁ። በ1916 ለባቡር ሠራተኞች የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ተደነገገ። ለጎተራው ዕቅድ የቀረበ የመጋዘን ሕግም በዚያው ዓመት ወጣ።

እኛ የዚህ መጽሐፍ አንባቢዎች ልብ ልንለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በኦማሃ ከጸደቁት ውሳኔዎች አንዱ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ድኻ ስደተኛ እንዲገደብ የሚጠይቅ ነበር። እነዚያ ሰዎች ስለ ድኻው ከልባቸው ተቆርቁረዋል፤ ድኻ ሲሉ ግን ሁሉንም ድኻ ማለታቸው አልነበረም። ይህ ጀግንነታቸውን አያጠፋም፤ ባለጸጋው በሚነዳው ዘመን ያለ ገንዘብና ያለ ትልልቅ ጋዜጦች ድጋፍ ሕግ ለማሠራት መነሣት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሒሳቡ ሙሉ ሆኖ ይቅረብ። ከኦማሃ ጉባኤ እስከ ሴናተሮች ቀጥታ ምርጫ ድረስ 21 ዓመት ፈጀ። የደቡብ ጥቁር ገበሬ የልጅ ልጅ ያንኑ ሴናተር ያለ ፈተናና ያለ ዛቻ ለመምረጥ የሚያስችለውን ሕግ እስኪያገኝ፣ እስከ 1965 ድረስ፣ 73 ዓመት ፈጀ። ጆርጅ ሄንሪ ዋይት የተባለው የሰሜን ካሮላይና ተወካይ በ1901 ከኮንግረስ ሲሰናበት በዚያ የቀረው የመጨረሻው ጥቁር ነበር። ግዛቲቱ ሌላ ጥቁር ወደ ኮንግረስ የላከችው በ1992 በተካሄደው ምርጫ ነው።