ለቤት ጥበቃ የሚሆን ሽጉጥ አመራረጥ፦ ከዶርዜ የቀርከሃ ቤት አንፃር

ቤትን፣ ቤተሰብንና ንብረትን ከሌባና ከወንበዴ መጠበቅ የማንኛውም አባወራና እማወራ ኃላፊነት ነው። «ለቤቴ ሽጉጥ ልያዝ ወይ? ብይዝስ የትኛው ይሻለኛል?» የሚለው ጥያቄም ዛሬ የከተማ ነጋዴ ብቻ ጥያቄ መሆኑ ቀርቷል። የሸማ ሥራ ሸጦ ገንዘብ ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባውም፣ ልጆቹ አዲስ አበባ ሠርተው የሚልኩለት የገጠር ሽማግሌም ይጠይቀዋል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ግን ስለ መሣሪያው ስም፣ ስለ ጥይቱ ብዛትና ስለ ዋጋው ብቻ ይሆናል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ነገሩን ከሌላኛው ጫፍ፣ ማለትም ከቤቱና በቤቱ ውስጥ ከሚኖሩት ሰዎች እንጀምራለን። ለምሳሌነት የመረጥነው ከአርባ ምንጭ በላይ በጉጌ ተራሮች ላይ የሚገኘውን የዶርዜ ቤት ነው። ይህ ቤት የሽጉጥን ጥቅምና ጉዳት ከማንኛውም ቤት ይበልጥ አጉልቶ ያሳያል።

በቅድሚያ ሕጉ

ኢትዮጵያ ውስጥ የጦር መሣሪያ የሚተዳደረው በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። በአዋጁ መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ፣ መግዛት፣ መሸጥም ሆነ ማስተላለፍ ወንጀል ነው። ስለዚህ «የትኛውን ልምረጥ?» ከማለት በፊት «ፈቃድ ማግኘት እችላለሁ ወይ?» ብሎ ፖሊስን መጠየቅ ይቀድማል። ፈቃዱ ለሰውየው የተሰጠ ስለሆነ ሽጉጥን ለወንድም ወይም ለጎረቤት ማዋስ ወይም ለልጅ ትቶ መሄድ አይቻልም።

በኮንትሮባንድ ከሚገቡት መካከል «የቱርክ ሽጉጥ» እየተባሉ የሚጠሩት በየኬላው ሲያዙ በዜና እንሰማለን። እንዲህ ያለውን መሣሪያ የገዛ ሰው ከሕግ ተጠያቂነቱ ሌላ የማያውቀውን ዕቃ ቤቱ አስገብቷል። አንዳንዶቹ መጀመሪያ ለድምፅ ብቻ ተሠርተው በኋላ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ የተቀየሩ ናቸው። እነዚህ በተኳሹ እጅ ላይ ሊፈነዱ ይችላሉ።

ቤቱ ምን ዓይነት ነው?

የዶርዜ ቤት ከተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተጎንጉኖ የሚሠራ ረጅም ቤት ነው። ፊቱ የዝሆን ፊት ይመስላል፤ ወደ ፊት የወጣው መግቢያው እንደ ኩምቢ ነው። ግርጌውን ምስጥ ሲበላው ከታች እየተቆረጠ ያጥራል፤ ሲያስፈልግም ሰዎች ተሰብስበው ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል። ውስጡ በአንድ በኩል ከብቶች፣ በሌላ በኩል ሰዎች የሚያድሩበት ሲሆን መካከሉ ላይ እሳት ይነዳል። በግቢው ውስጥ ሌሎች ትናንሽ ቤቶች ይኖራሉ፦ ማብሰያው፣ ሸማ የሚሠራበት፣ አዲስ ተጋቢዎች የሚያድሩበት።

እዚህ ቤት ውስጥ የተተኮሰ የሽጉጥ ጥይት ቀርከሃው አያስቆመውም። ግድግዳውን በስቶ እንሰቱን አልፎ ሙሽሮቹ ከተኙበት ቤት ሊገባ ይችላል። ኢላማውን ስቶ በግራ በኩል ቢሄድ ከብቶቹን ያገኛል። በታች አርባ ምንጭ ከተማ ባለው የጭቃ ቤትም ነገሩ እምብዛም አይለይም። የቆርቆሮ በርና መስኮት ጥይት አያግድም፤ የብሎኬት ግድግዳ ይሻላል፣ እሱም ቢሆን በበሩና በመስኮቱ በኩል ክፍት ነው። ስለዚህ ሽጉጥ የሚመርጥ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄው «ሌባውን ብስት ጥይቱ ማን ጋ ይደርሳል?» የሚል መሆን አለበት።

በእጅ የሚገኙት ዓይነቶች

አገራችን ውስጥ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳው ሽጉጦች በሦስት ሊመደቡ ይችላሉ።

ማካሮቭ፦ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የሶቭየት ሠራዊት የታጠቀው፣ ስምንት ጎራሽ ሽጉጥ ነው። ጥይት ሳይጎርስ 730 ግራም ያህል ይመዝናል። ጥይቱ በሰከንድ 315 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በግራ ጎኑ የጥንቃቄ ማገጃ አለው። አጭርና ጠንካራ ነው፤ መያዣው ግን ለትልቅ እጅ ጠባብ ነው።

ቶካሬቭ (ቲቲ)፦ ከማካሮቭ በፊት የነበረ፣ እሱም ስምንት ጎራሽ ነው። ጥይቱ ቀጭን ሆኖ በሰከንድ ከ400 ሜትር በላይ ስለሚበር የመብሳት ኃይሉ ከፍተኛ ነው። ይህ ለጦር ሜዳ ብርታት ሲሆን ለቀርከሃ ቤት ግን ትልቅ ጉድለት ነው። መጀመሪያ ሲሠራ ራሱን የቻለ የጥንቃቄ ማገጃ አልነበረውም። ልጆች ላሉበት ቤት የማንመክረው በሁለቱም ምክንያት ነው።

ሪቮልቨር፦ ጥይቱ በካዝና ሳይሆን በሚሽከረከር ክብ ውስጥ የሚገባ፣ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ጎራሽ ነው። አንድ ጥይት ቢከሽፍ ቃታውን እንደገና መሳብ ብቻ ይበቃል። መጉረስ አለመጉረሱን ከፍቶ በዓይን ማየት ቀላል ነው። ቃታው ረጅምና ከባድ መሆኑ በድንገት የመተኮስ አደጋን ይቀንሳል፤ በሌላ በኩል አነጣጥሮ መምታትን ያስቸግራል።

የግል ምርጫ የሚገባው የት ላይ ነው?

ሰዎች ስለ ሽጉጥ ሲከራከሩ እያንዳንዱ የራሱን ወዳጅ ያወድሳል። አንዱ ብዙ ጎራሹን፣ አንዱ ትንሹን፣ አንዱ ከባዱን ይመርጣል። በእርግጥ የግል ምርጫ ቦታ አለው። ነገር ግን ምርጫው የሚያርፈው በሰውየው አካልና ኑሮ ላይ እንጂ በዝና ላይ መሆን የለበትም።

እጅ፦ መያዣው መዳፍን ሞልቶ ሌባ ጣት ቃታው ላይ ያለ ጭንቅ መድረስ አለባት። ዘመናዊ ባለ ብዙ ጎራሽ ሽጉጥ መያዣው ስለሚወፍር ለትንሽ እጅ አይመችም።

ጉልበት፦ ሽጉጥን ለማቀባበል ላዩን ወደ ኋላ መጎተት ያስፈልጋል። ለዚህ ጉልበት ላነሰው አረጋዊ ሪቮልቨር ይቀለዋል።

ርግጫ፦ ቀላል ሽጉጥ ለመያዝ ይመቻል፤ ሲተኮስ ግን ይበልጥ ይረግጣል። ከባዱ ደግሞ ርግጫውን ይውጣል።

ዓይን፦ ማታ ሌባን ከዘመድ መለየት ያልቻለ ሰው ምንም ዓይነት ሽጉጥ አይጠቅመውም። መብራት ከሽጉጥ ይቀድማል። በጨለማ ኮቴ ሰምቶ የሚተኩስ ሰው ከብት ሊያይ የወጣ ልጁን ሊመታ ይችላል።

ልምምድ፦ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሕጋዊ በሆነ ቦታ መተኮስ የማይችል ሰው ቀላሉንና ቁልፍ ያልበዛበትን ይያዝ። በድንጋጤ ጊዜ እጅ የሚያስታውሰው የለመደውን ብቻ ነው።

ጆሮም አይረሳ። የሽጉጥ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሕፃናትን ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። ከብቶቹም በርግገው የተኛውን ሊረግጡ ይችላሉ።

አቀማመጥ

የቀርከሃ ቤት ቁልፍ ያለው ጓዳ የለውም። ስለዚህ ሽጉጥ ያለ ብረት ሳጥን በዚህ ቤት ውስጥ ቦታ የለውም። ሳጥኑ ከከባድ ነገር ጋር በሰንሰለት ይታሰር፣ ቁልፉ ከባለ ፈቃዱ አይለይ፣ ጥይቱ ለብቻው ይቆለፍ። ትራስ ሥር፣ በጣሪያው ቀርከሃ መካከል ወይም ከሸማው ጥቅል ውስጥ መደበቅ ከልጅ ዓይን አያመልጥም። ጥይት ከምድጃው መራቅ አለበት፤ እሳት ውስጥ የገባ ጥይት ማንም ሳይተኩሰው ይፈነዳል። የደጋው ጉምና ዝናብ ብረቱን ስለሚያዝገው ጥይቱን አውጥቶ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ፣ በየጊዜው መወልወልና ዘይት መቀባት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች «ታዲያ ሌባ ሲመጣ እንዴት እደርስበታለሁ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በፍጥነት የሚደረስበት ሽጉጥ ግን ልጅም በፍጥነት ይደርስበታል። ሌባው የሚመጣው ምናልባት አንድ ቀን ነው፤ ልጁ ግን ሁልጊዜ ቤት ውስጥ ነው።

መቼ ይፈቀዳል?

የኢስላም ሊቃውንት ወራሪን ስለ መመከት (ደፍዑ ሷኢል) በሰፊው ጽፈዋል። ንብረቱን ሲከላከል የተገደለ ሰው ሸሂድ እንደሆነ የሚገልጸው ሐዲሥ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ሊቃውንቱ ግን ከዚህ ጋር ግልጽ ደረጃ አስቀምጠዋል፦ በቃል የሚመለስ በእጅ አይመታም፣ በጩኸትና በጎረቤት እርዳታ የሚመለስ በዱላ አይመታም፣ በዱላ የሚመለስ በስለት አይገደልም። ሸሽቶ የሄደ ሌባ አይተኮስበትም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቀልድም ቢሆን መሣሪያን ወደ ወንድም ማመልከትን ከልክለዋል፤ ቀስት ይዞ በመስጂድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰውም ስለቱን እንዲይዝ አዝዘዋል። የመሣሪያ ጥንቃቄ እንግዲህ አዲስ ትምህርት አይደለም።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 78 ተመሳሳይ መንፈስ ይዟል። ጥቃቱ ሕገ ወጥና ወዲያው የሚደርስ፣ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ ሲሆን አያስቀጣም። ልክ ያለፈ መከላከል በአንቀጽ 79 የሚታይ ሲሆን ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀል ይችላል። ዶሮ ሰርቆ በእንሰቱ መካከል የሚሮጥን ሰው ከጀርባ መትቶ «ቤቴን ጠበቅሁ» ማለት በሸሪዓም በሕግም አያዋጣም።

ከሽጉጡ በፊት ያለው ጥበቃ

ጠንካራ በር፣ የግቢ አጥር፣ ውሻ፣ የእጅ ባትሪና ጥሩ ጎረቤት ከሽጉጥ በፊት ይመጣሉ። የገበያ ቀን ገንዘብ ቤት ከማሳደር ባንክ ማስገባት ደግሞ ሌባው የሚመጣበትን ምክንያት ያጠፋል።

በጋሞ ምድር ከዚህም በላይ የሆነ ጥበቃ አለ። መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞና የዶርዜ ተወላጆችን ጨምሮ ብዙ ሰዎች ሲገደሉ በአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ተነሱ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። በዚያ ቀን ከጥቃት የዳነው ቤት የዳነው በባለቤቱ ሽጉጥ አልነበረም። ሽማግሌው የሚሰማበት አገር የቤት ጥበቃው ግማሹ የተሠራ ነው።

በመሆኑም ፈቃድ ያለውና በእርግጥ የሚያስፈልገው ሰው ቢመርጥ ለእጁ የሚመጥነውን፣ የሚያውቀውን፣ ማገጃ ያለውን ወይም ቃታው ከባድ የሆነውን፣ ጥይቱ ግድግዳ አልፎ ሩቅ የማይሄደውን ይምረጥ፤ የብረት ሳጥኑንም ከሽጉጡ በፊት ይግዛ። ሳጥን መግዣ ያጣ ሰው ሽጉጥ የመግዛት አቅም ገና አልደረሰውም። ወላሁ አዕለም።