ሙልሙል ለማን ይጋገራል?
ስለ ልጆቻችንና የልጅ ልጆቻችን ቡሄ



በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን ወንዶች ልጆቻችንንና የልጅ ልጆቻችንን ሰብስበን ቡሄን በአንድ ግቢ እናከብራለን። ዘንድሮ ስለ ዝግጅቱ ስንመካከር ግን ሁለት ጥያቄዎች ተነሡ። አንደኛዋ እህታችን፣ «ውኃ የሚቀዱልን፣ ቤት የሚይዙልን ሴቶች ልጆቻችን ሆነው ሳለ ወንዶቹን ብቻ ማክበር እንዴት ይሆናል?» አለች። ሁለተኛዋ ደግሞ፣ «ሙልሙሉ ለአባል ልጅ ብቻ ነው ወይስ ደጃችን ለመጣ ሁሉ?» ስትል ጠየቀች። ጥያቄዎቹ ቀላል አልነበሩም። ስለዚህ የበዓሉን ታሪክ መለስ ብለን ተመለከትን።

ቡሄ በቤተ ክርስቲያን ስሙ ደብረ ታቦር ነው። ጌታችን ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ተራራ ወጥቶ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት፣ ሙሴና ኤልያስም የታዩበት በዓል ነው። ቡሄ የሚለውን ስም አንዳንዶች ከብርሃንና ከገላጣነት፣ ሌሎች ደግሞ ከሊጥ መቡካት ጋር ያያይዙታል። ወንዶች ልጆች የሚያጮኹት ጅራፍም በተራራው ላይ የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው ይባላል።

የዳቦው ነገር በወንጌል አልተጻፈም፤ በትውፊት የመጣ ነው። አባቶችና እናቶች እንደሚነግሩን፣ በዚያች ዕለት ብርሃኑ ስለበዛ እረኞች መምሸቱን ሳያውቁ ከከብቶቻቸው ጋር በሜዳ ቀሩ። ወላጆቻቸውም ልጆቹ ቢዘገዩባቸው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። በዋዜማው ችቦ የምናበራው፣ ሙልሙል የምንጋግረውም ይህንን በማሰብ ነው። እንግዲህ ከበዓሉ ሥር ያለው፣ ልጁ ደጅ ላይ የቀረበት ወላጅ ጭንቀት ነው።

ሙልሙል ስሙን ያገኘው ከአሠራሩ ነው፤ ሊጡ በእጅ እየተሙለሞለ ይጋገራል። በዓሉ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሚውል ቅቤም ወተትም አይነካውም። በልማዳችን እናት ለራሷ ልጅ ብቻ ቆጥራ አትጋግርም። የክርስትና ልጅ ድርሻ አለው። ሆያ ሆዬ እያለ ዱላውን እየመታ ደጅ የቆመ የጎረቤት ልጅ ድርሻ አለው። ከወላጁ ርቆ የሚማረው የአብነት ተማሪም ደብረ ታቦርን የሚያከብረው ከአካባቢው ሕዝብ በሚያገኘው ነው። ልጆቹም በፊናቸው የተቀበሉትን ለየብቻ አይበሉትም፤ አንድ ላይ አከማችተው ይካፈሉታል፣ ቤቱንም መርቀው ይሄዳሉ።

ዛሬ በከተማ ብዙ ቦታ ሙልሙሉ በገንዘብ ተተክቷል። የዱቄትና የማገዶ ዋጋ ከአቅም በላይ የሆነባት እናት ምን ታድርግ? ከአባሎቻችን አንዷ የልጅ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ አያት ናት። ለጨፋሪዎች የምትሰጠው ስላልነበራት በቡሄ ማታ መብራት አጥፍታ በር ትዘጋ እንደነበር ነግራናለች። ልጁም፣ «የእኛ ቤት አይሰጥም» እንዳይባል ከጓደኞቹ ጋር መውጣት ትቶ ነበር። ችግሩ የአንድ ዳቦ መታጣት ብቻ አልነበረም፤ ልጁ ከእኩዮቹ መነጠሉ ነበር።

እድርና ዕቁብ ያስተማሩን ለዚህ መልስ ሆነን። በእድር ለቀብር ብቻዋን የማትችል ሴት ከሌሎች ጋር ትችላለች፤ በዕቁብ ጥቂት ጥቂቱ ተሰብስቦ ቁም ነገር ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዷ አባል የቻለችውን ያህል ዱቄት አዋጣች፤ ያልቻለችው በጉልበቷ ረዳች። በአንድ ምጣድ ዙሪያ ተቀምጠን ጋገርን፤ ከዚያም ዳቦውን ለየቤቱ አከፋፈልን። ያቺ አያት ዘንድሮ መብራቷን አላጠፋችም፤ ሙልሙሉን ደጇ ላይ ቆማ በገዛ እጇ ሰጠች። የልጅ ልጇም ከጨፋሪዎቹ ፊት ነበር።

የሁለተኛዋን ጥያቄ ታሪኩ ራሱ መለሰው፤ ለመጣ ሁሉ ይሰጣል። ጫማ የሚጠርጉት፣ እናታቸው ሩቅ ያለች ልጆችም መጥተው ነበር፤ ማንም «የማን ልጅ ነህ?» አላላቸውም።

የመጀመሪያዋ ጥያቄ ግን ሥራ ሰጠችን። ባህላችን ሴቶች ልጆችንም አልረሳም። ከነሐሴ 16 ጀምሮ በሰቆጣ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በትግራይ አሸንዳ አላቸው፤ ለእንቁጣጣሽም አበባ ይዘው አበባየሆሽ ይላሉ። በዓሉስ አለ፤ ያልተካፈለው ሥራው ነው። ስለዚህ በዋዜማው ውኃውን የቀዱት፣ እንጨቱን የፈለጡት፣ በማግስቱም ግቢውን የጠረጉት የሚከበሩት ወንዶች ልጆች ራሳቸው ሆኑ። መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ሙልሙሉን ሲቀበሉ ግን፣ «እኛም ሠርተንበታል» ሲሉ ሰማናቸው።

ደጋፊዎቻችን የምትሰጡን እርዳታ ለበዓሉ ወጪ አልዋለም፤ ዱቄቱ የእኛው መዋጮ ነው። ይህን የምንነግራችሁ አብራችሁን የቆማችሁት ተሰብስቦ መሥራት ከሚያውቁ ሴቶች ጋር መሆኑን እንድታዩ ነው። ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት ይባላል። ለእንቁጣጣሽ ደግሞ የሴቶች ልጆቻችን ተራ ነው፤ ያን ቀን ቡና የሚያፈሉት ወንዶቹ እንዲሆኑ ከወዲሁ ተስማምተናል።