የመጻጉዕ እሁድ ጽዋ

በ1977 ዓ.ም. መጻጉዕ የዋለው መጋቢት 1 ቀን ነበር። የዚያ እሁድ የሰንበቴ ተረኛ እናቴ ነበረች፤ ቤታችን ውስጥ ግን የዳቦው ዱቄት ይቅርና ለምጣድ ማሰሻ የሚሆን ጎመንዘር እንኳ አልነበረም። የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጎተራው ውስጥ ገብቼ ጠርጌ ያወጣሁት ዘንጋዳ ከነአፈሩ አንድ እፍኝ አይሞላም።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ እናቴ ወደ ንስሐ አባታችን ቤት ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። መምሬ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ።

«መምሬ፣ ነገ ተራዬ ነው፤ እጄ ባዶ ነው። ተራዬን ለሌላ ያሳልፉልኝ» አለቻቸው።

ጣታቸውን ከገጹ ሳያነሱ ቀና አሉ። «ለማን ላሳልፈው? ያለው ማን አለ? ውኃ አለሽ አይደል፣ ልጄ?»

«ውኃማ ከሮቢ እቀዳለሁ።»

«እንግዲያው ተራሽን አትልቀቂ።»

በነጋታው ጎህ ሳይቀድ ሮቢ ወረድን። ወንዙ ቀጥኖ ድንጋይ ለድንጋይ ይሽሎከሎካል። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ በእንስራው አፍ ላይ ወጥራ ውኃውን በጣሳ እየጨለፈች አጠለለችው፤ አሸዋው ነጠላው ላይ ቀረ። ዘንጋዳዋን ለቅማ፣ አጥባ፣ ንፍሮ ቀቀለቻት። ቅዳሴ ወጥቶ ሰንበቴ ቤቱ ውስጥ ስንሰበሰብ፣ ያቺን ንፍሮ በትንሽ ሰፌድ፣ ውኃውን በእንስራ አቀረበች። ጽዋዋ አፏ በአንድ በኩል የተሸረፈ፣ ከብዙ ዘመን የእጅ ወዝ የተነሳ የጠቆረች ሸክላ ናት። መምሬ ውኃ ሞልተው ባረኳት፤ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። ንፍሮው ለሰው አምስት አምስት ፍሬ ደረሰ። ከአጥሩ ሥር ለተቀመጡት ነዳያን ግን አሥር አሥር እንዲሰጥ የማኅበሩ አለቃ ሙሴው አዘዙ፤ አንድም ሰው አላጉረመረመም። የዚያን ዕለት የተነበበው ወንጌል ሠላሳ ስምንት ዓመት ስለታመመው፣ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ስላጣው መጻጉዕ ነው። እናቴ ከዚያ ወዲህ ያንን ወንጌል በሰማች ቁጥር ታለቅሳለች።

ዛሬ በሸዋ ሮቢት አስተማሪ ነኝ፤ ለብዙ ክፍሎች ታሪክ አስተምሬአለሁ። ስለ ይፋት በመጽሐፍ የተጻፈው አብዛኛው ጦርነት ነው። እኔ ግን ስለዚህች ጽዋ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ይፋት ከክፉ ቀን ወደ ክፉ ቀን የተሻገረው በእሷ ዓይነት ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

እኛ ዘንድ «ሰንበቴ» ሲባል ሁለት ነገር ነው። አንዱ ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ከተማ፣ በእሁድ ገበያው የታወቀው ነው። አፋሩ ግመሉን፣ አርጎባው ሸማውን፣ ኦሮሞው ከብቱንና ቅቤውን፣ የመንዝ ሰው በጉንና ባናውን ይዞ የሚገናኝበት። ሌላው ሰንበቴ የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ነው። በልጅነቴ እሁድ ማለት ሁለቱም ነበር፤ ጠዋት ሰንበቴ ቤት ጽዋ ጠጥተን፣ ቀትር ላይ አባቴ በመኪና ተጭኖ ሰንበቴ ገበያ ይሄዳል።

ገበያውና ማኅበሩ አንድ ስምና አንድ ቀን መጋራታቸው አጋጣሚ አይመስለኝም። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1285 ጀምሮ የወላስማ ሱልጣኖች መቀመጫ የነበረው ይፋት፣ በተረተሮቹ ላይ የአስባሪንና የኖራን የድንጋይ መስጊዶች ፍርስራሽ ትቶልናል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዓምደ ጽዮን ወደዚህ ዘምተዋል። ነገር ግን ሠራዊቱ ሲመለስ ቆላው ውስጥ የቀሩት ገበሬውና ነጋዴው ናቸው፤ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ውኃም ገበያም አንድ ነው። በ77 ዓ.ም. እናቴ ከአንዲት የአርጎባ ጎረቤታችን ጨው ተበድራ ነበር፤ ያቺን ንፍሮ የቀመሰ ሁሉ የእሷን ጨው ቀምሷል። ጎረቤታችን ብድሩን ልንመልስ ስንሄድ «ለእሁዳችሁ የሰጠሁትን አልቀበልም» አለች።

የእሁዱ ክብር ራሱ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከይፋት ቆላ ቀና ብለው ሲያዩት ሰማዩን የሚዘጋው ገደል ጫፉ ተጉለት ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዚያ ባሠሩት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ተደርጎ፣ ቅዳሜም እሁድም እንደ ሰንበት እንዲከበሩ ተወሰነ። ከዚያ በፊት የኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት በቅዳሜ ምክንያት ብዙ ተሰደዋል፤ ለአንድ ቀን ክብር ያን ያህል መከራ የተቀበሉ ሰዎች ናቸው። ለእኔ ሰንበቴ የዚያ ሁሉ ክርክር የድሃ ቤት ፍሬ ነው፤ መነኮሳቱ በቀኑ ተከራከሩበት፣ ባላገሩ ደግሞ ዳቦ ቆረሰበት።

ሥርዓቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። ሰንበቴ ምጽዋት አይደለም። ምጽዋት ያለው ለሌለው ይሰጣል፤ ሰጪው ሁልጊዜ ሰጪ፣ ተቀባዩም ሁልጊዜ ተቀባይ ነው። ሰንበቴ ግን ተራ ነው። ሀብታሙም መበለቷም ስማቸው በአንድ መዝገብ ይሰፍራል፤ ቀኑ ሲደርስ መበለቷ ደጋሽ ናት፣ ባለጸጋው ከእጇ ይበላል። በደህናው ዘመን ይህ ተራ ነገር ይመስላል። የሚገባን በክፉ ቀን ነው። መምሬ እናቴን «ተራሽን አትልቀቂ» ሲሏት ያዳኗት ከረሃቡ አልነበረም፤ ከሰውነት ተራ ከመውጣት ነው። ያን እሁድ ማታ እናቴ ስትራመድ አንገቷ ቀና ብሎ ነበር። አይቻለሁ።

ክፉ ቀን ስል፣ ለይፋት ሰው ይህ ስም የመጀመሪያ ባለቤቱ የ1880ዎቹ መቅሠፍት ነው። አያቴ ከእናቷ የሰማችውን ትነግረን ነበር። የከብት በሽታው ከምጽዋ በኩል ገብቶ የአገሩን ከብት ፈጀ፤ ከአሥር ዘጠኙ አለቀ ይባላል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቀረ፤ እርሻ ሲቀር ረሃብ ገባ፤ ረሃቡን ተስቦው ተከተለው። እምዬ ምኒልክ ለሰው አርአያ ለመሆን ዶማ ይዘው ራሳቸው መሬት የቆፈሩት ያኔ ነው። የአያቴ እናት ግን የምታስታውሰው ንጉሡን ሳይሆን ምህላውን ነበር፤ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ «እግዚኦ!» እያለ ሲዞር፣ ቆመው የጀመሩ አንዳንዶች ተቀምጠው ሲጨርሱ።

ከዚያ ሌላ ንዳድ፣ ማለትም ወባ፣ አለ። የደጋ ሰው ይፋትን የሚፈራው በንዳዱ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከጣርማ በር ብርድ ተነስቶ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት መውረድ በአንድ ቀን ሁለት አገር መኖር ነው። ሰው ለማሽላ አጨዳ ወርዶ በቃሬዛ ይመለስ ነበር። እናቴ የመንዝ ልጅ ናት፤ ለአባቴ ስትዳር ዘመዶቿ እንደ ሞተች አልቅሰው ነው የሸኟት። ልክ ነበሩም። በ1950 እና በ51 ዓ.ም. ወባ በኢትዮጵያ ሲነሳ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል ሞቷል፤ የበረታውም ከቆላው ይልቅ በሽታውን ባልለመዱት ከፍታ ቦታዎች ላይ ነበር፤ እናቴም በሽታውን ካልለመዱት ወገን ናት። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ ቆላ ስትገባ ሁለት ነገር ይዛ ወረደች፤ ባናዋንና የሰንበቴ ልማዷን። ባናው ለቆላ ሙቀት አልሆነም። ሰንበቴው ግን ዘመድ ሆናት፤ ንዳድ ሲጥላት ውኃ ያቀበሏት፣ ልጆቿን ያበሏት የጽዋ ዘመዶቿ ናቸው።

ወደ 77 ልመለስ። ጥቅምት 13 ቀን መሐመድ አሚን የቀረጸውና ማይክል በርክ የዘገበበት የኮረም ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለም ተንጫጫ። እኛ ቤት ቴሌቪዥን አልነበረም፤ ዓለም መስማቱን ያወቅነው መኪኖቹ በዋናው መንገድ ወደ ሰሜን መመላለስ ሲጀምሩ ነው። በይፋትና ጥሙጋ አውራጃ፣ ከእኛ በላይ አንጾኪያ ላይ ወርልድ ቪዥን የእርዳታ ጣቢያ ከፍቶ ሰው ከየአቅጣጫው ይጎርፍ ነበር። ደርግ ለሰፈራ ሲመዘግብ ወደ ምዕራብ የሄዱ ነበሩ፤ ከሰንበቴያችን መዝገብ ላይ በአንድ ሳምንት አራት ስም ተሰረዘ። ሙሴው ስሞቹን ሲሰርዙ አይቻለሁ፤ ብዕሩን ጠበቅ አድርገው አልጫኑትም፤ ስሙ ከመስመሩ በታች ይነበብ ነበር። ከአራቱ አንደኛው ቤተሰብ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲመለስ ተራው ጠብቆታል።

እኛ ልጆች ቁርቁራ ለቅመን፣ የጥንቅሽ አገዳ አድርቀን አኝከን ከረምን። ታናሽ ወንድሜን ግን ያን ዓመት ቀበርነው። ይህንን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም፤ ሰንበቴ ነበረን ማለት ሞት አልነበረብንም ማለት አይደለም። እናቴ ለአርባ ቀኑ ያቀረበችው ውኃና ቆሎ ነበር። «እግዚአብሔር ቸር ነው» ስትል ሰማኋትና ተቆጣሁ፤ ለምን ትዪዋለሽ ብዬ ጮኽኩባት። ብዙ ቆይታ፣ «ለእሱ ብዬ ነው እንዴ? ለእኔ ነው። ካላልኩት እንዴት እነሳለሁ?» አለችኝ። ያኔ አልገባኝም።

በአማርኛችን «ጸጋ» ስንል ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሀብት ነው፤ ጎተራው የሞላ ሰው ባለጸጋ ይባላል። ሌላው የማይገባን ሆኖ ሳለ ከእግዚአብሔር የሚሰጠን ነው። በደህና ዘመን ሁለቱ ተቃቅፈው ስለሚኖሩ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። በ77 ተለያዩ። የመጀመሪያው ከይፋት ጠፋ፤ ሁለተኛው በአንዲት የተሸረፈች ጽዋ ውስጥ ሲዞር በዓይኔ አየሁት።

ከዚያ ወዲህ ይፋት አገግሞ ነበር። የሮቢን ውኃ የጠለፉ መስኖዎች ሽንኩርትና ማንጎ አበቀሉ፤ የማሾው ምርት ስሙ ወጣ። የሰንበቴያችን ዳቦም ገዝፎ፣ በኮባ ፋንታ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ይጋገር ጀመር፤ ኮባ የደጋ ነውና።

በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ነደደች። ከዚያ ወራት አልፎ የሰሜኑ ጦርነት ራሱ መጣ። የኅዳር ሚካኤል ማግስት በጭነት መኪና ላይ ጣርማ በርን ወጥተን ደብረ ብርሃን ገባን፤ ከእናቴ ጋር ስድስት ነበርን። እሷ ያን ጊዜ ሰማንያ ሊሞላት ነው። ሌላው ልብስ ሲሸክፍ እሷ ጽዋዋን በነጠላዋ ጠቅልላ ጉያዋ ከተተች፤ ተራው እኛ ቤት ነበር። በደብረ ብርሃን ብርድ መጠለያ ውስጥ የሮቢት ሰዎች እየተፈላለግን ተገናኘን፤ ኅዳር 19 እሁድ ዘጠኝ የሰንበቴ አባላት ሥላሴ ቅዳሴ አስቀድሰን ከግቢው አንድ ጥግ ቁጭ አልን። የማናውቃት የደብረ ብርሃን ሴት የገብስ ዳቦ አምጥታ ሰጠችን። እናቴ ዳቦውን ተቀብላ ለሙሴው ሳይሆን መልሳ ለሴትየዋ አቀረበች፤ «ቁረሺልን፣ ዛሬ ተራው ያንቺ ነው» አለቻት። ሴትየዋ አለቀሰች።

ሸዋ ሮቢት ነፃ መውጣቷ የተነገረው ኅዳር 22፣ የጽዮን ማርያም ማግስት ነው። ስንመለስ የቤታችን በር ተነቅሎ፣ ሁለቱ ጋኖች ተሰብረው፣ የልጆቼ ደብተር መሬት ላይ ተበትኖ አገኘን። ኅዳር 26 እሁድ ሰንበቴ ቤቱ ውስጥ የተሰበሰብነው ከግማሽ አንሰን ነበር። ሙሴው መዝገቡን ገልጠው «የዛሬ ተረኛ ማን ነው?» አሉ።

ሱቋ ተዘርፎ ባዶ መደርደሪያ ብቻ የቀራት አንዲት ወጣት እናት ከኋላ ተነሳች። «እኔ ነኝ» አለች። ቀና ብዬ ሳያት፣ ቢጫ ጀሪካኗን አስቀድማ በሩ ሥር አስቀምጣዋለች፤ በአፉ ላይ የተወጠረው ነጠላ ገና እርጥብ ነበር።